የካቲት ላይ ወንዙን ማን ጨረሰው? የጣና ተፋሰስን የውሃ ሂሳብ ደረጃ በደረጃ መሥራት

የካቲት ሲገባ ጉማራ ወንዝ ዳር የማይቀር ጭቅጭቅ አለ። የታችኞቹ «ከላይ ያሉት በሞተር ወንዙን ጨረሱት» ይላሉ። የላይኞቹ ደግሞ «እኛ ሽንኩርታችንን ነው ያጠጣን፤ ወንዙ እንደሆነ ድሮም በበጋ ይደክማል» ይላሉ። ባሕር ዳር ተመልሳችሁ ቡና ስትጠጡም ያው ክርክር ሰፋ ብሎ ይጠብቃችኋል። አንዱ ሐይቁን የሚያጎድለው መስኖው ነው ይላል፣ ሌላው የለም ተርባይኑ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ እምቦጩ ነው። ሁሉም እርግጠኛ ነው። ቁጭ ብሎ ሂሳቡን የሠራ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ሂሳቡ እንደሚፈራው አይደለም። ኤክሴል የሚከፍት ላፕቶፕ፣ ሜትር፣ የስልክ ሰዓት፣ ባለ 200 ሊትር በርሜልና አንድ ብርቱካን ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ብርቱካኑ ለመብላት አይደለም፤ እንመጣበታለን።

ከሁሉ በፊት፦ «ወሰደ» እና «በላ» ለየቅል ናቸው

ሞተር ከወንዝ የሳበው ውሃ ሁሉ አልጠፋም። ከፊሉ ከአፈሩና ከቅጠሉ ተንኖ ወደ ሰማይ ሄዷል። እሱ ተበልቷል፣ ከሂሳባችን ወጥቷል። ከፊሉ ግን ወደ ታች ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃ ሆኗል፣ ወይም በቦዩ ጫፍ ፈሶ መልሶ ወንዝ ገብቷል። ይህኛውን ተመላሽ ውሃ እንበለው። ፍጆታ የምንለው የመጀመሪያውን ነው። ከሰብሉ ጋር ታጭዶ ገበያ የሚሄድ ውሃም አለ፣ ግን ከሚተነው አጠገብ ሲቀመጥ ኢምንት ነው።

ይህ ነገር በደንብ የገባኝ ማሳ ላይ ነው። ወረታ አካባቢ የአንድ ገበሬ ሞተር ስንት እንደሚስብ እየለካሁ «ጋሼ፣ ሽንኩርቱ የሚጠጣው ከዚህ ግማሹን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ሌላው የት ይሄዳል?» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ከማሳቸው ታች ወዳለው የእጅ ጉድጓድ ወሰዱኝ። ገመድ የታሰረበት ጀሪካን አወረዱና ገመዱ ላይ ያለውን ቋጠሮ አሳዩኝ። «ይኸውልህ ልጄ፣ የላይኛው ጎረቤቴ ካጠጣ በሦስተኛው ቀን ውሃው እዚች ቋጠሮ ድረስ ይመጣል። እሱ ሲያቆም ይወርዳል። እኔ የእሱን ትርፍ ነው የምጠጣው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ «የተሳበ ውሃ» የሚለውን ቁጥር «የጠፋ ውሃ» ብሎ የሚያቀርብ ሪፖርት ሳይ ያ ገመድ ይታየኛል።

1. ወሰኑን አስምሩ፣ መውጫውን ምረጡ

ሂሳብ ያለ ድንበር አይሠራም። የጣና ተፋሰስ ወደ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቁ ብቻውን 3,000 ያህሉን ይይዛል። ዋና ዋና ገባሮቹ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ከእነሱ ሌላ ብዙ ትንንሽ ወንዞች አሉ። መውጫው ድሮ አንድ ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ አባይ። እዚያው ላይ በ1988 ዓ.ም. የጨራጨራ ግድብ ተሠራ። በኋላ በሮቹ ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ግን ሐይቁ ሁለተኛ መውጫ አገኘ፣ ያውም ከምዕራብ በኩል በዋሻ።

ጣና በለስ ውሃ «ይበላል» ወይ? መልሱ የሚወሰነው ወሰናችሁን ባሰመራችሁበት ቦታ ነው። ወሰኑ የጣና ተፋሰስ ከሆነ፣ በዋሻው የሄደው ውሃ ወጥቷል፣ አይመለስም። ወሰኑ መላው የአባይ ተፋሰስ ከሆነ ግን ያ ውሃ በበለስ በኩል ዞሮ አባይን ይቀላቀላል። ስለዚህ እንደ ፍጆታ አይቆጠርም። ውሃው ያው ነው፣ ተርባይኑም ያው ነው፣ ሁለት መልስ ግን አለው። ብዙ ክርክር የማያልቀው ሰው ሁሉ በየራሱ ወሰን እያወራ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የኤክሴሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ወሰኔ ይህ ነው፣ መውጫዬ እነዚህ ናቸው።»

2. ዓመቱን ከሰኔ ጀምሩ፣ ጳጉሜን አትርሱ

ከመስከረም መጀመር ያምራል፣ ለውሃ ሂሳብ ግን መጥፎ ነው። መስከረም ሐይቁም አፈሩም ጉድጓዱም ጢም ያለበት ጊዜ ነው። ግንቦት መጨረሻ ደግሞ ሁሉም ባዶ የሚሆንበት ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ከሰኔ እስከ ግንቦት አድርጉት። በሁለቱም ጫፍ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ከአምና የተረፈው ውሃ ስንት ነበር የሚለው ጣጣ ይቀንሳል።

አሁን የእኔን ስህተት ልንገራችሁ። የዝናቡ መረጃ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የወንዙ ከፍታ ንባብ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በእጅ የተጻፈ ነበር። እኔም 12 ወር በ30 ቀን ብዬ ደረደርኩት። ዓመቱ አልቆ ሂሳቡ ሲጎድልብኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀመሩን ስፈትሽ ከረምኩ። የጎደለችው ጳጉሜ ነበረች! አምስት ቀን ምን ታመጣለች እንዳትሉ። ጳጉሜ ክረምት ናት። አንድ ወንዝ በዚያ ሰሞን በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ቢወርድ፣ በአምስት ቀን 43 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህ ቁጥር ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ወደ ታች ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ምክሬ፦ ሂሳቡን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ሥሩ። የሜትሮሎጂውም የሳተላይቱም መረጃ በፈረንጅ ስለሚመጣ የእኛን ቀን ወደዚያ መቀየሩ ይቀላል። ሰኔ 1 ማለት ጁን 8 ነው። በየወሩ ዓምድ ላይም የቀኑን ብዛት ጻፉ።

3. ዝናብ

የዝናብ መለኪያ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት የተነበበው ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የዘነበው ነው። ባሕር ዳር ሌሊት መዝነብ ስለሚወድ ይህች የአንድ ቀን መንሸራተት ብዙ ሰው ታሳስታለች። ወርሃዊ ሂሳብ ለሚሠራ ግድ የለም፣ በየቀኑ ለሚሠራ ግን ዝናቡ ከጎርፉ በኋላ የመጣ ያስመስላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዶ ሳጥን ነው። ያልተነበበ ቀንና ያልዘነበበት ቀን አንድ አይደሉም። ኤክሴል ሲደምር ባዶውን ዜሮ ያደርገዋል። ሐምሌ ውስጥ አሥር ቀን ባዶ ካለ ያ ወር ይጣል፣ ወይ ከጎረቤት ጣቢያ ይሞላ፤ እንዳለ አይደመር።

ሦስተኛው፣ የባሕር ዳርን ዝናብ ለመላው ተፋሰስ አታልብሱ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር ሲኬድ ይቀንሳል። ሐይቁ 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ የሚቀርበውን መሬት አካፍላችሁ በስፋቱ መዝኑ። ጣቢያ በሌለበት ቺርፕስ የሚባለው የሳተላይት ዝናብ በነጻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ አለ፣ አንዱ ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ዝም ብላችሁ አትመኑት። ጣቢያ ባለበት ቦታ አወዳድሩትና ልዩነቱን አይታችሁ አርሙት።

ከሚሊ ሜትር ወደ ውሃ መጠን መቀየሪያው በቃላችሁ ይያዝ። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ነው። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1,000 ሜትር ኩብ ነው።

4. ወንዙ፦ ብርቱካኑ እዚህ ነው የሚያስፈልገው

ትልልቆቹ ወንዞች ድልድይ አካባቢ የውሃ ከፍታ መለኪያ አላቸው። ከፍታ ግን ፍሰት አይደለም። ወንዙን በተለያየ ከፍታ ላይ ወርዶ መለካትና «ይህን ያህል ሲሞላ ይህን ያህል ይወርዳል» የሚል መስመር ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ለትልልቆቹ ተሠርቷል። ችግሩ የወንዙ መሬት በደለል ሲቀየር መስመሩ ያረጃል። ርብ ላይ በተለይ ደለሉ አያስቀምጥም። መረጃ ስትጠይቁ ከቁጥሩ ጋር «ይህ መስመር ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው፣ ነሐሴ ላይ ርብና ጉማራ ፎገራ ሜዳ ላይ ይፈሳሉ። ያኔ ከወንዙ ወጥቶ በሩዝ ማሳው ላይ የሄደው ውሃ በድልድዩ ሥር አያልፍም፣ አይለካም። ስለዚህ የክረምት ቁጥር ዝቅ ማለቱን ጠብቁ።

መለኪያ ለሌለው ትንሽ ወንዝ ወይም ቦይ ብርቱካን በቂ ነው። ቀጥ ያለ 20 ሜትር ምረጡ፣ በሁለቱም ጫፍ ምልክት ትከሉ። ስፋቱን ለኩ፤ ጥልቀቱን በየግማሽ ሜትሩ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። ከዚያ ብርቱካኑን ከላይኛው ምልክት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ መሃል ላይ ጣሉትና ሰዓት ያዙ። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ነፋስ ብዙ አይገፋውም፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይገፋል። አምስት ጊዜ ድገሙት። ስፋቱ 4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 0.35፣ ጊዜው 32 ሰከንድ ቢሆን፦ 20 ሲካፈል ለ32 0.625 ነው። ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት፣ 0.53 ይሆናል። በ4 እና በ0.35 ስታባዙት በሰከንድ 0.74 ሜትር ኩብ ታገኛላችሁ። በቀን 64 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው። ብርቱካኑን ከታች የሚይዝ ልጅ አይጠፋም። አምስተኛው ላይ ግን አይመለስም፣ ይበላል።

5. ሐይቁ፦ የሚተነውና የሚከማቸው

ከጣና ላይ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል አልፎ ይተናል። ይህን የሚለኩት በክብ ብረት ገንዳ ነው። ገንዳው ትንሽ ስለሆነ ይሞቃል፣ ከሐይቁ የበለጠ ያተናል። ስለዚህ ንባቡ በ0.7 ገደማ ይባዛል። ገንዳው ላይ ወፍ መጠጣቱን፣ ሕፃን መንቦጫረቁን አስቡበት። አጥር የሌለው ገንዳ ቁጥሩ ከንቱ ነው።

ክምችቱ ቀላል ነው። ሐይቁን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ካልነው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ይህችን 30 ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፏት። ለማንኛውም ክርክር መፍቻ ናት። በዕቅዱ ጣና በለስ በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ይወስዳል። በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ በዓመት 31.5 ሚሊዮን ስለሆነ፣ 77ቱ 2.4 ቢሊዮን ይሆናል። ለ30 ሚሊዮን ስታካፍሉት የ80 ሳንቲ ሜትር ሐይቅ ነው።

አሁን የሐይቁን ሂሳብ በክብ ቁጥር እንዝጋው። ለልምምድ ነው፣ በራሳችሁ ዓመት ተኩት። ሐይቁ ላይ 1,300 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፦ 3.9 ቢሊዮን። ከላዩ 1,650 ተነነ፦ 4.95 ቢሊዮን። በሁለቱ መውጫዎች 4 ቢሊዮን ወጣ። ግንቦት መጨረሻ ሐይቁ አምና የነበረበት ከፍታ ላይ ነው፣ ስለዚህ የክምችት ለውጡ ዜሮ ነው። ታዲያ ከወንዞች የገባው 4.95 ሲደመር 4 ሲቀነስ 3.9፣ ማለትም 5.05 ቢሊዮን መሆን አለበት። ይህን ሐይቁን ለከበበው 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ስታካፍሉት 420 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ላይም ያው 1,300 ከዘነበ ሲሶው ወንዝ ሆነ፣ ቀሪው 880 ከአፈርና ከቅጠል ተነነ ማለት ነው። ከዝናቡ ወንዝ የሆነው ድርሻ (እዚህ 0.32 ገደማ ነው) 0.9 ወይም 0.05 ቢወጣላችሁ አንዱ ቦታ ተሳስታችኋል፤ ብዙ ጊዜ የአሃድ ስህተት ነው።

6. እዚህ ላይ ቁሙ፦ የመስኖን ፍጆታ ከቀሪው አታውጡ

ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ከላይ ያለውን ሂሳብ ይሠራና 200 ሚሊዮን ሲጎድለው «ይህ መስኖ የበላው ነው» ብሎ ይጽፋል። አይደለም። የሐይቁ ዝናብ ላይ አሥር በመቶ ብትሳሳቱ፣ አሥር በመቶ ደግሞ በጣም ቀላል ስህተት ነው፣ 390 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ቀሪው የሁሉም ስህተት ማጠራቀሚያ ነው። የቆጋን የመስኖ ግድብ እንውሰድ። 7,000 ሄክታር ለማጠጣት የተሠራ ነው። ከታች እንደምናየው አንድ ሄክታር ሽንኩርት በበጋ 4,440 ሜትር ኩብ ቢበላ፣ ቆጋ ሙሉውን እንደዚያ ቢለማ 31 ሚሊዮን ነው። ይህ የአንድ ሳንቲ ሜትር ሐይቅ ነው። እኔ የረሳኋት ጳጉሜ 43 ነበረች! በከሰል ሚዛን ወርቅ አይመዘንም።

የመስኖ ፍጆታ ከታች፣ ከማሳው ነው የሚሠራው።

7. ማሳው

መጀመሪያ ሰማዩ ስንት ይጠይቃል? ውሃ በደንብ ያገኘ አጭር ሣር በቀን የሚያተነው መጠን መነሻ ነው። ክሮፕዋት የሚባለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ነጻ ፕሮግራም ከሙቀት፣ ከእርጥበት፣ ከነፋስና ከፀሐይ ያወጣላችኋል። ከዚያ በሰብሉ ቁጥር ታባዛላችሁ። ሽንኩርት መጀመሪያ ላይ 0.7፣ ሲጎለምስ 1.05፣ ሊነቀል ሲል 0.75 ነው። ቲማቲም ሲጎለምስ 1.15፣ በቆሎና ሩዝ 1.2 ይደርሳሉ።

ምሳሌ፦ የሣሩ ትነት በቀን ታኅሣሥ 3.7፣ ጥር 3.9፣ የካቲት 4.4፣ መጋቢት 4.8 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ለሽንኩርቱ ደግሞ በየወሩ 0.7፣ 0.9፣ 1.05 እና 0.85 እንያዝ። እያንዳንዱን በ30 ቀን አባዝታችሁ ስትደምሩ 444 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በሄክታር 4,440 ሜትር ኩብ ነው። በአንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ካልነው፣ 1,110 ሜትር ኩብ ነው። በበጋ ዝናብ ስለሌለ የሚቀነስ የለም። ግንቦት ድረስ የሚቆይ ሰብል ካለ ግን ሰብሉ የተጠቀመበትን ዝናብ ቀንሱ፣ ምክንያቱም የዘነበው ሁሉ አይጠቅምም፤ በወር 100 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በተለመደው ቀመር 84ቱ ይያዛል።

ቀጥሎ ሞተሩ። ቱቦውን በርሜሉ ውስጥ አስገቡና ሰዓት ያዙ። ባለ 200 ሊትሩ በ20 ሰከንድ ከሞላ፣ በሰከንድ 10 ሊትር ነው። ነዳጅ ሲያንስና ወንዙ ሲወርድ ስለሚለያይ በየወሩ ለኩ። እኚያ ገበሬ ለአንድ ጥማዳቸው በሳምንት አንድ ቀን ለ4 ሰዓት ያስነሳሉ፤ 144 ሜትር ኩብ ሆነ። ሽንኩርቱ በየካቲት በቀን 4.6 ሚሊ ሜትር ይጠጣል፤ በሳምንት በጥማድ 81 ሜትር ኩብ ነው። ቀሪው 63 ነው፤ የጉድጓዱን ውሃ እስከ ቋጠሮዋ የሚያደርሰው የላይኛው ጎረቤት እንዲህ ያለ ትርፍ ነው።

ተመላሽ ነው ማለት ግን ዛሬ ይመለሳል ማለት አይደለም። ከርሰ ምድር የገባው ውሃ ወንዝ ለመድረስ ሳምንታትም ወራትም ይፈጅበታል። ለታችኛው ገበሬ የካቲት ላይ የተሳበና ሚያዝያ ላይ የሚመለስ ውሃ የካቲት ላይ የለም። ማዳበሪያም ይዞ ነው የሚመለሰው።

8. ስንት ሄክታር ነው የሚጠጣው?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሴንቲኔል 2 የሚባለው ሳተላይት በየአምስት ቀኑ በ10 ሜትር ጥራት ያነሳል፣ በነጻ። ጥርና የካቲት ላይ አረንጓዴ የሆነውን መስኖ ብሎ መያዝ ያጓጓል። ፎገራ ላይ ግን ትሸወዳላችሁ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ጓያና ሽምብራ በቀረው እርጥበት ይበቅላሉ፣ ጥር ላይ ለምለም ናቸው፣ ሞተር ግን አላያቸውም። መራዊ በኩል ደግሞ ባሕር ዛፉ ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ነው። መፍትሔው በተለያየ ወር የተነሱ ምስሎችን ማወዳደር ነው። ጓያው መጋቢት ላይ ይደርቃል፣ ባሕር ዛፉ በሁሉም ወር ያው ነው፣ የመስኖው ማሳ ግን ጥቁር አፈር ሆኖ ቆይቶ ድንገት ይለመልማል። ከዚያም በሞተር ሳይክል ዞራችሁ ቢያንስ ሃምሳ ነጥብ በዓይናችሁ አረጋግጡ። ጫቱን ገበሬውን ጠይቁት፣ ከሰማይ አይለይም።

ውጤቱን ከፋኦ ዋፖር ጋር አመሳክሩ። እሱ ከሳተላይት ተነስቶ በእርግጥ የተነነውን ይገምታል። ከእናንተ ስሌት ዝቅ ካለ አትደንግጡ። የእናንተ ስሌት ሰብሉ ውሃ ሳይጎድልበት የሚጠጣው ነው፣ ማሳው ግን ብዙ ጊዜ ይጠማል።

9. የቀረው ቶሎ ይለቅ

ከተማ፦ 300 ሺህ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም በዓመት 5.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። አብዛኛው በመጸዳጃና በፍሳሽ መልሶ መሬት ይገባል። 20 በመቶው ቢጠፋ 1.1 ሚሊዮን ነው። ከብት፦ 100 ሺህ ከብት በቀን 25 ሊትር ቢጠጣ በዓመት 0.9 ሚሊዮን ነው። ባሕር ዛፍ፦ በ880ው ትነት ውስጥ አስቀድሞ ስላለ እንደገና አትደምሩት። የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ፦ ተርባይኑ ውሃ አይበላም፣ አሳልፎ ይለቃል። ይህ ማለት ግን ሐይቁን አይነካም ማለት አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለኃይል የተለቀቀው ውሃ ተደርበው ሐይቁ ወርዶ ጀልባ እስከ መቆም ደርሶ ነበር። ፍጆታው ዜሮ ሆኖ ጉዳት ሊኖር ይችላል።

10. አሁን ወደ ጉማራው ጭቅጭቅ

አንድ ወንዝ ዳር 1,000 ሄክታር ሽንኩርት አለ እንበል። ፍጆታው በበጋው ሙሉ 4.4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ሐይቁ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፣ ማንም አያየውም። «መስኖው ሐይቁን አጎደለው» የሚለው ለዚህ ወንዝ አይሠራም።

በወር ስናየው ግን ሌላ ነገር ነው። የካቲት ላይ ያ ሽንኩርት በቀን 46 ሺህ ሜትር ኩብ ይበላል። በሰከንድ 0.53 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ወንዙ በዚያ ወር በሰከንድ 1 ሜትር ኩብ ብቻ ቢሆን፣ ግማሹን በላው። ዓመታዊ ድምር ብቻ የያዘ ሰንጠረዥ ይህን ይደብቃል። ለዚህ ነው በየወሩ ሥሩ የምለው።

አላለቀም። ሞተሮቹ የሚስቡት ከሚበላው ይበልጣል። 4,000 ጥማድ በሳምንት አራት አራት ሰዓት፣ 16 ሺህ የሞተር ሰዓት ነው። ሌት ተቀን ተከፋፍሎ ቢሆን 95 ሞተር ገደማ አንድ ላይ ይሠራል። በሰከንድ 0.95 ይስባሉ፣ ወንዙ ለጥቂት ይተርፋል። ግን ሌሊት ማን ያጠጣል? እሁድስ? በስድስት ቀን፣ በቀን አሥር ሰዓት ብቻ ከተባለ 267 ሞተር እኩል ይነሳል፣ 2.67 ይፈልጋሉ። ወንዙ ያለው 1 ነው። ስለዚህ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወንዙ ታች ላይ ይደርቃል፣ ሌሊት ደግሞ ማንም ሳይነካው ይወርዳል።

ይህን ለገበሬ በሚሊዮን ሜትር ኩብ አትንገሩ። እኔ በሞተር ቁጥር ነው የነገርኳቸው፤ «ጋሼ፣ ወንዙ አንድ ላይ የሚችለው መቶ ሞተር ነው፤ እናንተ ጠዋት ላይ ከሁለት መቶ በላይ ታስነሳላችሁ።» ትንሽ አሰቡና፣ «እንግዲያ ሌሊቱን ለሁለት ከፍለን ተራ እናውጣው» አሉ። ቀጠል አድርገው ደግሞ «ሌሊት ሞተር የሚጠብቅልኝ ልጅ ግን ባሕር ዳር ትምህርት ላይ ነው» አሉኝ። እሱ ዓምድ ኤክሴሌ ላይ አልነበረም፤ አሁን ጨምሬዋለሁ።